በጎንደር ዝናብ ነው

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ደስ የሚለው ሰው ከነበረ፣ በዚህች በእስራኤሏ በኔታንያ ከተማ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዱሮ ነው ይሄ፤ ሱቁ ሳለ፣ አያ ታደሰ በሕይወት ሳለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ሻዬን ይዤ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ያቺን የምትሽከረከር ክብ ሳይ ደሜ ፈላ። ትዞራለች፤ አሁንስ አለቀ ስል ደግሞ ትዞራለች። ከላይ የገጹ ስም ብቻ ወጥቷል፣ ከሥሩ ባዶ ነጭ ነው። እኔ የምለው፣ ግማሽ ዕድሜውን ኮምፒውተር ሲጠግን የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ይቀለድበታል?

በየጠዋቱ የምከፍተው ገጽ አንድ ነው። ጎንደር ውስጥ ወደዚህ አገር ለመምጣት ፈቃድ የሚጠባበቁ ወገኖቻችን የሚጸልዩበት ግቢ አለ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግማሽ ድረስ ብቻ። እዚያ ያሉ ወጣቶች የጠዋቱን ጸሎት በቪዲዮ እያነሱ ገጹ ላይ ያወጡታል። እውነቱን ልናገርና እኔ ጸሎቱን አልሰማም። እኔ የማየው እኅቴን እናትነሽን ነው። በሴቶቹ በኩል መጨረሻ ላይ፣ ከብረት ምሰሶው ሥር፣ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ካሜራው ወደ እሷ የሚዞረው ለአፍታ ነው፤ ለእኔ ያቺ አፍታ ትበቃኛለች። ደህና አደረች እላለሁ፣ ሻዬን እጨርሳለሁ፣ ቀኔ ይጀመራል።

እናታችን የሞተችው እኔ ገና ሳልጠነክር ነው። ያሳደገችኝ እናትነሽ ናት። አባቴ እኔን ይዞ ወደ ሱዳን ሲነሳ እሷ ባል አግብታ ሌላ ቀበሌ ነበረች፤ ባሏ ዛሬ ነገ ሲል ቀረ፣ እሷም ከእሱ ጋር ቀረች። የመንገድ ስንቄን ዳቦ ቆሎ በአቁማዳ ሞልታ ትከሻዬ ላይ ያሰረችልኝ እሷ ነች። «ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልደረሰችብኝም። ባሏ ሞተ፣ ልጆቿ ተበተኑ፣ እሷ ጎንደር ከተማ ገብታ ፈቃድ ስትጠብቅ ጸጉሯ ነጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አይቻታለሁ፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ጥርስህን ምን አደረግኸው?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለኝ ያቺ የጠዋት አፍታ ናት። በዚያች ጠዋት እሷን ሳላይ ሻዬ በረደ።

«ታከለች፣ ይሄ ነገር ምን ሆኗል?» ብዬ ጮኽኩ። ባለቤቴ ታከለች ወጥ ቤት ነበረች።

«ተወው እባክህ። አንድ ቀን ባታይ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። ታከለች መቼም ጀርባዋን ሰጥታ የምታወራ ሴት አይደለችም፤ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምትጨቀጭቀው። ያኔ ልብ አላልኩትም። ስልኬን አንስቼ በእሱ ላይ እንዳልከፍተው ስልኬ እጄ ላይ የለም። ልጄ ሲጋል ረቡዕ ማታ ሳትደውል መጥታ ወሰደችው። «አባ፣ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ላስቀይርልህ» አለች። መስታወቱ የተሰነጠቀው በፋሲካ ነው፤ ስንት ጊዜ ብለምናት «ቤሴደር፣ ቤሴደር»፣ እሺ እሺ እያለች ስትሸሸኝ የከረመች ልጅ! በዚያው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ «ኢድኩን አለው» አለችኝ፣ ማደስ ማለታቸው ነው፣ ትንሽ ነካክታ ስማኝ ሄደች። ሁለቴ ነው የሳመችኝ። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ምን ላስብ?

ታከለች ብርቱካን ስትልጥ ሽታው ከወጥ ቤት መጣ። የብርቱካን ልጣጭ ለእኔ የሱቁ ሽታ ነው። ሱቁ የነበረው ከታሃና መርካዚት፣ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ፣ በሰዓት ጠጋኙና ቡሬካስ የሚባለውን የአይብ ሳምቡሳ በሚሸጠው መሀል ነበር። አሁን እዚያ ጥፍር የሚቀቡ ልጆች ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሳልፍ አንገቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ። ያኔ በሩ ላይ የካሴት መደርደሪያ፣ ግድግዳው ላይ የስልክ ካርድ፣ ከኋላ በእንጨት የተከለሉ ስልኮች ነበሩን። የክራሩ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ከመገልበጡ ብዛት ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ሴቶቹ ከላይ ነጠላ፣ ከመሀል አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ከታች ስፖርት ጫማ አድርገው ይመጣሉ። ወንዶቹ ከሠራዊት የተረፈች አረንጓዴ ጃኬት በሐምሌ ሙቀት ሳይቀር አትለያቸውም። ሐሙስ ሐሙስ መቆሚያ አይገኝም ነበር፤ ሰው ለሰንበት የሚሆን የዘመድ ወሬ ይዞ መግባት ይፈልጋል። በብርቱካን ማሸጊያው ቤት የሚሠሩት ከቴል ሞንድ አውቶቡስ ሲወርዱ ሽታቸው ከእነሱ ቀድሞ ይገባል። አያ ታደሰ፣ ባለሱቁ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ «መጡ ብርቱካኖቼ!» ይላቸዋል። ይስቃሉ። የዚያን ዘመን ሳቅ ምን ያህል ርካሽ ነበር!

ኋላ ካሴቱም የስልክ ካርዱም ሲሞት አያ ታደሰ ከአንድ ከሚዘጋ ቢሮ አሮጌ ኮምፒውተሮች አመጣ። እኔ ከሠራዊት ስወጣ ኮርስ ቢጤ ስለወሰድኩ አዋቂ ተብዬ እነሱ ላይ ተሾምኩ። ግማሽ ሰዓት ኢንተርኔት በሁለት ቡሬካስ ዋጋ ነበር። ጎንደር ፒያሳም እንዲሁ ያለ ሱቅ ስለተከፈተ ዘመድ ፎቶ ይልካል። ያኔ ፎቶ በአንዴ አይወርድም፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የሰው ጸጉር። ሰዉ ዓይኑ እስኪመጣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ዓይኑ ሲመጣ እልል የሚሉ ሴቶች ነበሩን። አሁን ልጆቼ አንድ ፎቶ ትንሽ ከዘገየባቸው ስልኩን በጥፊ ሊመቱት ይደርሳሉ።

ታዲያ ጎንደር ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሰማው ሱቁ ነበር። ቁጥራችንን እዚያ ያልያዘ አልነበረም። ጠዋት ስልኩ ይጮኻል፣ «ለእከሌ ንገሩት» ይባላል። እከሌ ግን ከሥራ ሲወጣ በገዛ እግሩ መጥቶ መልእክት ቤቱን ሊከፍት ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ አንድ ችኩል የአጎት ልጅ ሁሉን ጽፎት ይጠብቀዋል። ይህ ነገር ሲደጋገም አያ ታደሰ አንድ ቀን ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። «በቁሜ አይሆንም!» አለ። «እዚያ ድምፅ ሳናወጣ ቀበርን። እዚህ አገር ማንም ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን ከመስታወት ላይ አያነብም። ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ በማለዳ ይሂድ፣ ሰውየውን መሀል አድርጎ ይንገረው። እስከዚያ አንተ ያቺን ማሽን አንድ ነገር አድርጋት።»

እዚያ ያለው ሱዳንን ነው። አያ ታደሰ መጠለያው ውስጥ ሁለት ልጆቹን ቀብሯል። እኔም አባቴን እዚያው ነው የተውኩት። አይሁድ መሆናችን እንዳይነቃብን ለቅሶ ክልክል ነበር፤ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። አባቴን ሲያወርዱት እኔ የገዛ እጄን ነከስኩ። ጠባሳው ዛሬም አውራ ጣቴ ሥር አለ፤ ሲበርድ ይጠዘጥዘኛል። ያልተለቀሰለት ሰው እንዴት ያለ ሸክም እንደሆነ ለአያ ታደሰ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም።

መጀመሪያ ሽቦውን ከኋላ እነቅል ነበር። አልሠራም። የሞተ ማሽን ያየ ሰው ተነስቶ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፣ እዚያ ያነበዋል። የዘገየ ማሽን ግን ሰውን ያስቀምጠዋል፤ አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል እያለ ይጠብቃል። ስለዚህ ከዋናው ኮምፒውተር ሆኜ የሚፈልጋቸውን አንድ ሁለት ገጾች ብቻ ማንቀራፈፍ ተማርኩ። ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ የአየር ሁኔታው፣ ኳሱ፤ ሰውየው ኮምፒውተሩን አይጠረጥርም። «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ፣ «በጎንደር ዝናብ ነው፣ መስመሩን ይይዘዋል» እለዋለሁ። ሲጋል ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ወጥታ ከባንኮኒው ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ለአሻንጉሊቷ «በጎንደር ዝናብ ነው፣ ነገ ነይ» ስትላት አያ ታደሰ ሰምቶ በሳቅ ፍርፍር አለ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ጠረገ።

ገበየሁ የሚባል ሰው ነበር፤ ከብርቱካኖቹ አንዱ፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በልጣጭ ጭማቂ የቢጫ ቀለም የያዙ። ሐሙስ ሐሙስ ለእናቱ ያጽፋል፣ የእናቱን ፎቶ ያያል። አንድ ሐሙስ ጠዋት የእናቱ ነገር በስልክ መጣ። ማታ ገበየሁ ገባ፣ የተለመደችው ማሽን ላይ ተቀመጠ፣ ክቧ መዞር ጀመረች። «አስረስ፣ ዛሬ ምን ሆኗል?» አለኝ። «በጎንደር ዝናብ ነው» አልኩት። ፊቱ ሁሉ በራ። «እሰይ! ጤፉ ደርቆባት ስትጨነቅ ነበር እኮ። እግዜር ይመስገን!» አለ። ብርቱካን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። እንዴት ብዬ ልዋጠው? እስክንዘጋ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ደህና እደሩ ብሎ እያፏጨ ወጣ። በነጋታው ማለዳ ሽማግሌዎቹ ገቡበት።

ሺቫው፣ የሰባት ቀን ሐዘኑ ሲያልቅ ጺሙን እንዳሳደገ ወደ ሱቁ መጣ። ይመታኛል ብዬ ነበር። «አስረስ፣ የዚያን ዕለት ዝናብ ነበር?» አለኝ። አልነበረም አልኩት። እጁን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ማታ እናት ያለው ሰው ሆኜ አደርኩ» አለኝ። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ደስ ይለኝ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። ሥራዬን ሰው አመሰገነልኝ። ብዙ ሰው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምስጋና አያገኝም።

ይህንን ሁሉ ሐሙስ ዕለት እያመነዠግሁ ዋልኩ፤ ይህን ሁሉ እያሰብኩ ግን የገዛ ቤቴን ነገር አላየሁም። ዓርብ ጠዋት ገጹ አሁንም አልከፈት አለ። «ዛሬስ እጠግነዋለሁ!» ብዬ መነጽሬን አጠለቅሁ። ታከለች ነጠላዋን ለብሳ፣ «ጎረቤት ደርሼ መጣሁ» ብላ ወጣች። ዓርብ ጠዋት፣ ድስት ምድጃ ላይ ጥዳ፣ ታከለች ጎረቤት?

ብልሽት ሲፈለግ ከቅርብ ወደ ሩቅ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ መስመሩን ጠረጠርኩ። የአየር ሁኔታውን ከፈትኩ፣ ቦግ አለ። የአውቶቡሱን ሰዓት ከፈትኩ፣ ቦግ አለ። የኩፓት ሆሊሙን፣ የሐኪም ቀጠሮ የማወጣበትን ከፈትኩ፣ እሱም ቦግ አለ። የግቢው ገጽ ብቻ ይዞራል። ደግሞ ሌላ አንድ ገጽ አለ፣ የእኛ ሰዎች እዚህ አገር የሠርግና የለቅሶ ወሬ የሚለዋወጡበት፤ እሱም ይዞራል። መስመር የሚያስገባውን ሳጥን ነቅዬ ቆይቼ መልሼ ሰካሁት። ያው ነው። ብራውዘሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ጉድ ሁሉ ጠረግሁ፤ አንዳንድ ጊዜ የቆየ ነገር ተጠራቅሞ ያንቀዋል። ያው ነው። ሌላ ብራውዘር ነበረችኝ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት፤ በእሷ ልሞክር ብል የለችም። ተሰርዛለች። እኔ አልሰረዝኳትም።

የመስመር ብልሽት ገጽ አይመርጥም። ይሄኛው መርጧል።

ብራውዘሩ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፣ እዚህ ቶሳፍ ይሏቸዋል። ዝርዝራቸውን ከፈትኩ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፣ እኔ የጫንኳቸው ናቸው። ሦስተኛውን አላውቀውም። የገባበት ቀን ረቡዕ ይላል። ከፈትኩት። ውስጡ ሁለት አድራሻ ብቻ ነበር፣ የግቢው ገጽና የለቅሶው ገጽ። መዝጋት የሚልም ማዝገም የሚልም ምርጫ አለው። የተመረጠው ማዝገም ነው።

መዝጋት እንዳይደለ ሳይ ነው የገባኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘጋዋል። ማዝገምን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ፣ ሌላዋ ከባንኮኒው ሥር ቁጭ ብላ ያየችኝ ልጅ።

እዚያ ግቢ ሌላ ማን አለኝ?

ማውሱ ላይ እጄን እንዳደረግሁ ተቀመጥኩ። ቶሳፉን ማጥፋት አንዲት ጠቅታ ናት። ማጥፋት ባልፈልግ እንኳ የብራውዘሩን ስውር መስኮት ብከፍት ቶሳፉ እዚያ ስለማይሠራ ገጹ ቦግ ይልልኝ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ሰው ያስተማርኩበት ነው። ልክፈተው? ምናልባት ታማ ብቻ ይሆን? ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን? ለታመመ ሰው እንዲህ አይደከምም፤ ይህን ራሴን ማታለል አልቻልኩም። የጠባሳዬን ቦታ እንደዚያን ዕለት በጥርሴ ያዝኩት። ወጥ ቤት የታከለች ድስት ይንተከተካል። ብከፍተው ብቻዬን ነኝ፤ እጄን ነክሼ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ልክ እንደ አባቴ ጊዜ። እናትነሽን እንዲህ ልቅበራት? ልጄስ? ስንት ጭንቅ ተጨንቃ የሠራችውን ላፍርስባት? ሲጋልን በሐሳቤ አየኋት፣ ረቡዕ ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ኢድኩን ነው ስትለኝ። ሁለቴ የሳመችኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ቶሳፉን እንደነበረ ተውኩት። የከፈትኩትን ዝርዝር ሁሉ ዘጋሁ። ብራውዘሩን አጥፍቼ መነጽሬን አወለቅሁ። ታከለች ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። «ተሠራ?» አለችኝ። «ሰነፍኩ፣ ተይው» አልኳት። ስትተነፍስ ሰማኋት። ወዲያው ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመረች፣ ምስኪን፣ ለዓይኗ ሰበብ እንዲሆናት።

ለምን እንዳዘገዩት አልጠፋኝም። ዘመድ ለሐሙስ አይደርስም፣ ዓርብ ቀኑ ለሩቅ መንገደኛ አጭር ነው፣ በሰንበት መርዶ አይነገርም፣ ዘመድ ከቤር ሼቫ እስኪሰበሰብ ደግሞ እሑድ ይሆናል። ስለዚህ ሰንበትን አብሬያቸው መዋል ነበረብኝ። በዕድሜዬ ከባድ ነገር አላነሳሁም አልልም፤ እንደዚያ ሰንበት የከበደኝ ግን የለም። ዓርብ ምሽት ሲጋል መጣች። የምወደው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይቀርብም። ወይኑ ላይ ባረክሁ፣ ድምፄ እንዳይሰበር ቶሎ ቶሎ አልኩት። «ብላ እንጂ አባ» ትለኛለች፣ እሷ ሳትነካ። በላሁ። ካልበላሁ ይጠረጥራሉ ብዬ አሸዋ የሚመስለኝን ዋጥኩት። ለመሳቅም ሞከርኩ፣ የሠራዊት ዘመኔን ቀልድ አወራሁላቸው። ሲጋል ስትስቅ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም እንስቃለን። እንዲህ ያለ ገበታ ለጠላቴም አልመኝ።

በነጋታው ቤት ክኔሴት፣ ጸሎት ቤቱ፣ ሄድኩ። ሰላምታው በዛብኝ። ለወትሮው አንገቱን ብቻ የሚነቀንቅልኝ ሰው እጄን ይዞ አይለቅም። «ሻባት ሻሎም አስረስ፣ ጤናህ እንዴት ነው?» ይላል፣ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ነው። ቄሱ ሲባርኩኝ እጃቸው ራሴ ላይ ከወትሮው ቆየ። ሁሉም ያውቃል፣ ማለት ነው። ወደ ቤት ስመለስ ወደ ባሕሩ በኩል ዞር ብዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። እናትነሽ ባሕር አይታ አታውቅም። ስትመጣ መጀመሪያ እዚህ ነው የማመጣት እያልኩ ስንት ዓመት ተመኝቼ! ምን ትለኝ እንደነበር እንኳ አውቀዋለሁ፤ «ይሄን ሁሉ ውኃ ለምን አታርሱበትም?» ትለኝ ነበር። ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ውኃው አድርጌ አለቀስኩ፣ ግን ድምፅ አላወጣሁም። ድምፁን ለእሑድ አስቀመጥኩት።

እሑድ ሳይነጋ ተነስቼ ታጠብኩ። ነጩን ሸሚዜን ለበስኩ፣ መልሼ አወለቅሁትና ፒጃማዬን አጠለቅሁ፤ ለብሼ ካገኙኝ ይነቁብኛል። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ጠበቅሁ። ታከለች አጠገቤ አልተኛችም፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። ጎህ ሲቀድ ከታች የመኪና በሮች ሲዘጉ ሰማሁ፣ ቀስ ብለው፣ በእጅ እየተያዙ። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር መጣ፣ የሽማግሌ ሳል፣ የሴቶች ሹክሹክታ። ስንቱን ቤት ከአያ ታደሰ ጋር እንዲህ ወጥቻለሁ! በበሩ በዚህኛው በኩል ሆኖ መስማት ግን ሌላ ነው። ተንኳኳ።

ቤቱ ሞላ። ቄሱ ከግራ፣ የታከለች ወንድም ከቀኝ ተቀምጠው ክንዴን ያዙኝ። «አስረስ፣ ጠንከር በል። ሁላችንም መንገደኞች ነን» አሉ ቄሱ። «እኅትህ እናትነሽ ዐረፈች።»

አውቀው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አውቀው ነበር። ግን ማንም በድምፅ አልነገረኝም ነበርና፣ ስሟን ከሰው አፍ ስሰማ ያ ሁሉ ማወቅ ከንቱ ሆነ። «እናቴ! እናትነሽ! እደርስብሃለሁ ብለሽኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ከላዬ ተቀበሉኝ። ለአባቴም የቀረችው ጩኸት ሳትመጣ አልቀረችም፤ ጎረቤት ያሉት ሩሲያውያን በር ከፍተው ወጡ። ጮኽኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ይዘውኝ ነበር፤ አልወደቅሁም።

ረፋዱ ላይ ሰው ትንሽ ጋብ ሲል መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ሆኜ ቀና አልኩ። ሲጋል ኮምፒውተሩ ጋ ናት። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ማንም እንዳያያት ጎንበስ ብላ፣ ቶሎ ቶሎ ትነካካለች። የሠራችውን ልታፈርስ ነው። ልጄ፣ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም፤ ሰው ስትቀበል፣ ወንበር ስትደረድር፣ ከጎንደር ጋር ስትደዋወል ነው ያነጋችው።

«ሲጋል» አልኳት፣ «ምን ሆኖ ነው እንዲያ የዘገየው?»

እጇ ቆመ። ሳትዞር፣ «ሎ ኖራ አባ፣ ምንም አይደል፣ ትንሽ...» አለች።

«በጎንደር ዝናብ ነው መሰለኝ» አልኳት።

ዞረች። ፊቴን አየችኝ። ፊቷ የዚያች የባንኮኒ ሥር ልጅ ፊት ነበር። «ታውቅ ነበር» አለች። «አባ፣ ታውቅ ነበር?»

«ከዓርብ ጀምሮ።»

«እና ዝም አልክ? በላህ፣ ሳቅህ...»

«አንቺስ?»

መጥታ እቅፌ ውስጥ ወደቀች፣ ያን ሁሉ ቀን አፍና የያዘችውን ለቀቀችው። አክስቷን በአካል አይታት አታውቅም፤ ለእኔ ነበር የምታለቅሰው፣ እኔም ለእሷ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ብቻዬን እንዳልሰማ አደረግሽኝ» አልኳት ጸጉሯን እየዳበስኩ። ይህን ቃል አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሲለኝ ምን ማለት እንደሆነ ግማሹ ብቻ ነበር የገባኝ።

ጥቂት ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ልክፈትልህ?» አለችኝ። ክፈቺው አልኳት።

ገጹ ላይ የወጣው የዚያው ዕለት የጠዋት ጸሎት ነበር። ወጣቶቹ ሳያቋርጡ አንስተውታል፤ ቆርቆሮው ጣሪያ፣ ወንዶቹ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ። ካሜራው ለአፍታ ወደ መጨረሻው ዞረ። ከብረት ምሰሶው ሥር አረንጓዴው ወንበር አለ፣ ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም ከቦታው አላነሳውም። ክቧ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም። ወዲያው ነው የተከፈተው።